አባዬ ቱታ የለበሰ ሰሞን

አባቴ ጡረታ በወጣ ማግስት፣ እናቴ እንደ ልማዷ ሸሚዙን ተኩሳ ወንበር ላይ ሰቀለችለት። እሱም እንደ ልማዱ ለበሰው። ከረባቱን አሰረ፣ ጫማውን ወለወለ፣ ቁርሱን በላ። ከዚያ ሁለቱም የሚያደርጉት ጠፍቷቸው ተያዩ።

“በል እንግዲህ” አለችው።

“በይ እንግዲህ” አላት።

የሚሄድበት አልነበረውምና ከነከረባቱ ሳሎን ውስጥ ቁጭ አለ።

አባዬ በወጣትነቱ ከወሎ መጥቶ ጅማ ውስጥ ተቀጠረ፤ ዕድሜውንም በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ፋይል ሲያወጣና ሲያስገባ ጨረሰ። ሹመት አላገኘም፣ መኪናም አልተመደበለትም። ለእናቴ ግን ቢሮ ቢሮ ነው። ገበያ ላይ ያገኛት ሰው “ባለቤትሽስ?” ካላት “ቢሮ ነው” ትላለች፣ እሑድም ቢሆን። እኛንም ያሳደገችን በዚሁ መንፈስ ነው። ጓሮ ወርጄ ጎመን ልኮተኩት ብል “ተይ፣ እጅሽን አታበላሺ፤ ደብተርሽን ያዢ” ትለኝ ነበር። ዛሬ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒዩተር ፊት ቁጭ ብዬ የምውለው በአብዛኛው በእሷ ትጋት ነው። እሷ ራሷ ግን ጎመኑንም ትኮተኩታለች፣ እንጨቱንም ትፈልጣለች።

ጡረታው ለአባዬ አልተመቸውም። መጀመሪያ ከሌሎች ጡረተኞች ጋር ሻይ ቤት መዋል ሞከረ፤ ወሬው ሁሉ ስለ ኩላሊትና ስለ ደም ግፊት ሆነበትና ተወው። ከዚያ ወደ ወጥ ቤት ዞረ። አንድ ቀን እናቴ ቀበሌ ደርሳ እስክትመለስ የቅመም ዕቃዎቿን በሙሉ አውርዶ፣ ጠርጎ፣ ወረቀት ለጥፎ በፊደል ተራ ደረደራቸው። በርበሬ ከፊት፣ ኮረሪማ መሀል፣ ጨው በመጨረሻው መደርደሪያ ጥግ። እናቴ ወጡ ላይ ጨው ለመጨመር ስትፈልግ፣ ስትፈልግ ሽንኩርቱ አረረባት።

“ሰውዬ!” አለችው። ስትናደድ ነው “ሰውዬ” የምትለው። “ወጥ ቤቴን መዝገብ ቤት አደረግኸው እኮ! በል ውጣ። ወጥተህ ነፋስ ተቀበል።”

ዝም ብሎ መውጣት አልሆነለትምና እግሩ የተናጋ የወጥ ቤት በርጩማ አንሥቶ ወጣ።

ቦሳ አዲስ ሰፈራችን ውስጥ፣ ከቤታችን ጥቂት ወረድ ብሎ የአንድ ሽማግሌ አናጢ ሱቅ አለ። ሽማግሌውን ሁላችንም “ሐጂ” ነው የምንላቸው። የተወለዱት እዚሁ ጅማ ነው፤ አባታቸውም አናጢ ነበሩ። የሰፈሩ አልጋና ቁም ሳጥን በአብዛኛው ከእሳቸው እጅ የወጣ ነው። አባዬ በርጩማውን ይዞ ወደዚያ እንደሄደ ምሳ ሰዓት አለፈ። ሲመለስ በርጩማው ተጠግኗል፤ የእሱ ፀጉር ላይ ደግሞ ሰጋቱራ ተነስንሶበታል። ፊቱን ሳየው ደነገጥኩ፤ ለካ ፈገግታውን ካየሁት ቆይቼ ነበር።

“የቀረሮ እንጨት ሲላግ ሸትቶሽ ያውቃል?” አለኝ።

“አያውቅም።”

“እኔም ገና ዛሬ ነው” አለና እጁን ሊታጠብ ሄደ።

በማግሥቱም ሄደ። በሦስተኛው ቀን ሐጂን እንዲያስተምሩት ጠየቃቸው። ይህን በኋላ ራሳቸው ሐጂ ናቸው እየሳቁ የነገሩኝ።

“አስተግፊሩላህ!” አሉት፤ “ኦቦ፣ እርስዎ እኮ የቢሮ ሰው ነዎት። ለመብራት ማመልከቻ የጻፉልኝ፣ ለውሃ ማመልከቻ የጻፉልኝ እርስዎ። አሁን እኔ እርስዎን ‘ያንን ጣውላ ያዙ’ ልበል? ሰውስ ምን ይለኛል? ከፈለጉ ወንበር ላስቀምጥልዎ፣ ተቀምጠው ይጫወቱ።”

አባዬ በተሰጠው ወንበር ላይ ጥቂት ቀን ተቀመጠ። ከዚያ አንድ ጠዋት ሐጂ ሱቁን ሲከፍቱ ቀድሟቸው ደርሶ፣ ካፖርቱን ምስማር ላይ ሰቅሎ መጥረጊያ አነሣ። ሐጂ መጥረጊያውን ሊቀሙት ያዙ። እሱ አልለቅም አለ። ሁለት ሽማግሌዎች አንድ መጥረጊያ ይዘው በር ላይ ሲጓተቱ መንገደኛው እየቆመ ያይ ጀመር። ሐጂ በሐፍረት ለቀቁት። ትምህርቱ በዚህ ሁኔታ ተጀመረ።

እናቴ ወሬውን የሰማችው ከጎረቤት ነው። አባዬ ለምሳ እስኪገባ ጠብቃ በሩ ላይ ያዘችው።

“እውነት ነው?”

“ምኑ?”

“ሰጋቱራ ትጠርጋለህ አሉ!”

“መጥረግ ብቻ አይደለም። ትናንት መላጊያ አስያዙኝ።”

“በስተርጅና የሰው ቤት ሎሌ ልትሆን ነው? ጡረታህ አነሰህ? ልጆችህ አላበላ አሉህ?”

“ማን ስለ ምግብ አወራ? ደስ ስላለኝ ነው።”

“ደስ ካለህ ጋዜጣ አንብብ!” አለችና ወደ ውስጥ ገባች። ካረጁ አይበጁ እያለች ለራሷ ስታጉተመትም እስከ ሳሎን ይሰማኝ ነበር።

እኔ መሀል ገብቼ አስታረቅኋቸው። ስምምነቱ እንዲህ ነው፦ አባዬ ከቤት ሲወጣ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረባት አድርጎ ይወጣል። ሱቁ ሲደርስ ጓዳ ገብቶ ቱታ ይለብሳል። ሲመለስ ቱታውን እዚያው ትቶ፣ ፀጉሩን አራግፎ፣ እጁን ታጥቦ፣ እንደ ቢሮ ሰው ሆኖ ይመጣል። እናቴም ሰው ሲጠይቃት “ጉዳይ አለው፣ ወጣ ብሏል” ትላለች።

ሰፈሩ በሙሉ እውነቱን ያውቅ ነበር። የሐጂ ሱቅ መንገድ ዳር ነው፣ በሩም ሰፊ ነው። ባጃጅ ነጂዎቹ ሳይቀሩ አባዬን በሰማያዊ ቱታ ጎንበስ ብሎ ሲልግ እያዩ “ጋሼ፣ በርቱ!” ብለውት ያልፋሉ። ያም ሆኖ ጠዋት ጠዋት በከረባት ሲወጣ ሰላምታ የሚሰጠው ሁሉ ምንም እንዳላየ ሆኖ ነው። እኔ ይህን የሰፈሬን ጨዋነት እስከ ዛሬ እወደዋለሁ።

ጨዋነቱ የተሰበረው አንድ እሑድ ነው፤ እሱም ቢሆን በደግነት ነው የተሰበረው። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ቁጭ እንዳልን የእድራችን ሽማግሌዎች ሦስት ሆነው መጡ። እናቴ የሞተ ሰው ያለ መስሏት ደረቷን ያዘች። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፣ ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ ቡናው ዋጋ አወሩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ የእድሩ ዳኛ እንዲህ አሉ፦

“እንግዲህ ሰው ነን። ኑሮ ከፍ ዝቅ አለው። እድር ማለት ደግሞ ለቀብር ብቻ አይደለም። ችግር ሲያጋጥም ለወገን መደበቅ ነውር ነው።”

“የምን ችግር?” አለ አባዬ።

“ያው… እርስዎ በዚህ ዕድሜዎ፣ ፀሐይና ብርድ ላይ… የሰው ሥራ…” ብለው ወለሉን አዩ። ሁለተኛው ሽማግሌ ቶሎ ብለው “ልጆቹን ለመክሰስ አይደለም የመጣነው” አሉ፤ ይህን ሲሉ ያዩት ግን እኔን ነው።

አባዬ ሳቁ መጣበት። መጀመሪያ ሊይዘው ሞከረ፣ ከዚያ አቃተው። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። “ምንም አልጎደለብኝም፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! አናጢነት እየተማርኩ ነው” አላቸው። ሽማግሌዎቹም ግራ እየተጋቡ አብረውት ሳቁ። ዳኛው ሲወጡ ግን እኔን ወደ ጥግ ጠርተው “ልጄ፣ ደህና ነው? አእምሮውን ማለቴ ነው” አሉኝ።

እናቴ አልሳቀችም። ወጥ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፍታ ምንም ሳታጥብ ቆማ አገኘኋት። ቧንቧውን ዘጋሁት።

“እማዬ፣ አስበውልን እኮ ነው የመጡት።”

“አውቃለሁ” አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ “አያትሽ ምን ይሠራ እንደነበር ታውቂያለሽ?” አለችኝ።

“አጋሮ የቡና ነጋዴ ቤት ነበር ብለሽኛል።”

“ነጋዴ ቤት ነበር። ነጋዴ ግን አልነበረም።” እጇን በቀሚሷ ጠረገች። “ጆንያ ተሸካሚ ነበር። ከመጋዘን መኪና፣ ከመኪና መጋዘን። ሸሚዙ ሁልጊዜ የሚቀደደው በአንድ በኩል ነው፤ በቀኝ ትከሻው። ሌላው አካሉ ደህና ሆኖ ትከሻው ብቻ ያልቃል። እናቴ ዓይኗ ደካማ ነበርና የምጥፍለት እኔ ነበርኩ። ጥፌ እሰጠዋለሁ፣ በሳምንቱ ይመልስልኛል።”

እናቴ ስለ ልጅነቷ እንዲህ ስታወራ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

“ትምህርት ቤታችን ከመጋዘኑ በታች ነበር። ከጓደኞቼ ጋር ስወጣ አባቴ ጆንያ ተሸክሞ ከመጣ፣ ገና ከሩቅ ሲያየኝ መንገድ ይሻገራል። ሸክም ይዞ! በጭቃ! ልጆቹ ‘የተሸካሚ ልጅ’ እንዳይሉኝ ብሎ ነው። እነሱ እንደሆነ ያውቃሉ፣ ይሉኝም ነበር። እሱ ግን እስከ መጨረሻው እንደተሻገረ ነው። አባትሽ ሊያገባኝ ሽማግሌ ሲልክ አባቴ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ‘ቁጭ ብሎ ነው የሚሠራው?’ አለ። ‘አዎ’ ሲሉት አለቀሰ።”

አባዬ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ አላውቅም። አማቱ ተሸካሚ እንደነበሩ ያውቅ ነበር፤ መንገድ መሻገራቸውን ግን እሱም ገና መስማቱ እንደሆነ ፊቱ ይናገራል።

“በቃ” አላት። “ከነገ ጀምሮ አልሄድም።”

እውነትም አልሄደም። ጠዋት ሸሚዙን ይለብሳል፣ ጋዜጣ ይዞ ይቀመጣል። እናቴ ያሸነፈች መስሎኝ ነበር፤ ሳያት ግን የደስታ ምልክት የለባትም። እያለፈች ታየዋለች። ሻይ ታቀርብለታለች፣ ይቀዘቅዛል። አንድ ቀን ሆን ብላ በርበሬውንና ጨውን አቀያይራ አስቀመጠች፤ እንዲያየውና እንዲያስተካክለው ነው። አላየውም። “ምነው ይህ ሰው እንደ ዕቃ ቁጭ አለብኝ?” ብላ ለእኔ አቤት አለች።

በዚያው ሰሞን ሐጂ መጡ። ቆባቸውን አስተካክለው፣ ንጹሕ ጀለቢያ ለብሰው፣ በእጃቸው ፌስታል ይዘው። አባዬ ለጡረታው ጉዳይ ባንክ ሄዶ ስለነበር ያገኙት እናቴንና እኔን ነው። እናቴ አጋሮ ያደገች ናትና ከሐጂ ጋር ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነው የሚጨዋወቱት። “አካም ቡልተን” ተባባሉ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ከብት ሳይቀር ተጠያየቁ። ከዚያ ሐጂ እኔም እንድሰማ ብለው ይመስለኛል ወደ አማርኛ ዞሩ።

“እህቴ፣ ኦቦን አስቀይሜው ከሆነ ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።”

“ኧረ በጭራሽ! እርስዎ ምን አደረጉ?”

“ታዲያ ለምን ቀረ?”

እናቴ ሻይ ቀድታ አቀረበችላቸው። ሐጂ ሻያቸውን ፉት አሉ።

“እኔ ልጆች አሉኝ፤ ታውቂያቸዋለሽ። አንዱ ባንክ ነው፣ አንዱ አዲስ አበባ ትልቅ ፎቅ ላይ ነው፤ ማሻአላህ። ሕፃን ሆነው መላጊያዬን ሲነኩ እጃቸውን እመታ ነበር። ‘ይህ ለእናንተ አይደለም’ እላለሁ። ሰምተውኝ ተማሩ። አሁን ሲመጡ ሱቁ በር ላይ ነው የሚቆሙት። ሱሪያቸው ላይ ሰጋቱራ እንዳይነካ ነው። አልቀየምም፣ እኔው ነኝ እንዲያ ያሳደግኳቸው።” ብርጭቆውን አስቀመጡ። “ያንቺ ባል ግን ‘ሐጂ፣ ይህን እንጨት ለምን ከዚህ በኩል ላጉት?’ ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ‘ስንት ነው? መቼ ይደርሳል?’ ሲለኝ ነው የኖርኩት። ‘ለምን?’ ያለኝ የለም። ከአንድ ሰው ጋር መሥራት ለመድኩ፤ ሱቁ ጭር አለብኝ። ይኸው ነው።”

እናቴ ብርጭቋቸውን አነሣች። ከዚያ በኦሮምኛ ቀስ ብላ “አኒስ አኩመ ኬሰኒ” አለቻቸው። እኔም እንደ እርስዎው ነኝ ማለቷ ነው።

ሐጂ ሲሄዱ ፌስታሉን ትተውት ሄዱ። ውስጡ የአባዬ ቱታ ነበር። ሙጫና ቫርኒሽ ጠጥቶ ደርቋል። እናቴ ከፌስታሉ አውጥታ እንደ ጠላት አየችው፣ ገለበጠችው፣ አሸተተችው። ከዚያ ነከረችው። እኔ ሥራ ውዬ ስመለስ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ነበር። በማግሥቱ ጠዋት አባዬ ሸሚዙን ከሚያገኝበት ወንበር ላይ ቱታው ተተኩሶ ጠበቀው። እግሩ ላይ እንደ ሙሽራ ሱሪ የሰላ መስመር አውጥታለታለች።

አባዬ ቱታውን አየ፣ እሷን አየ።

“ምን ታየኛለህ?” አለችው። “ልበሰውና ሂድ። ከዚህ ጀምረህ ልበሰው፤ የሰው ጓዳ ውስጥ እንደ ሌባ አትቀያይር።”

“ሰውስ?”

“ሰው እንደሆነ እድሩ ድረስ አውቆታል። ሂድ።”

ሐጂ መስመር የወጣለት ቱታ ሲያዩ “ኦቦ፣ ዛሬ ሰርግ አለ እንዴ?” ብለው መንገደኛውን ሁሉ አሳቁበት አሉ።

ይህ ከሆነ ሁለት ክረምት አልፏል። አባዬ ጎበዝ አናጢ ወጣው ብል ደስ ባለኝ፤ አልወጣውም። በርጩማዎቹ ትንሽ ይነቃነቃሉ። በሮቹ በጋ ላይ ይዘጋሉ፣ ክረምት ላይ እንቢ ይላሉ። ሐጂ አንድ ቀን “እጅዎ ዘግይቶ መጣ” አሉት። አባዬ በዚህ አልተከፋም፤ እንዲያውም ቤት መጥቶ እየሳቀ ነገረን። ድሮ ከቢሮ ሲመጣ ስለ ቀኑ ብንጠይቀው “ያው ነው” ነበር መልሱ። አሁን ግን እራት ላይ ስለ ዋንዛና ስለ ቀረሮ ጠባይ ያወራል፤ ዋንዛ ታዛዥ ነው፣ ቀረሮ ደግሞ ካልደረቀ ያታልላል ይላል። እናቴ “እሺ፣ ብላ” ትለዋለች። እሱ ሲቀጥል ጉርሻ ታጎርሰዋለች፤ እያኘከም ያወራል።

እኔ በበኩሌ ወንበሬን አልለቀቅኩም። ቢሮዬን እወዳለሁ። ጠዋት ኮምፒዩተሬን ስከፍት አንዳንዴ የአያቴ ጥያቄ ትዝ ይለኛል፤ ቁጭ ብዬ ነው የምሠራው። እሱ ይህን ቢያይ ምን ያህል ደስ ይለው እንደነበር አስባለሁ፤ አባቴ ደግሞ በዚያው ሰዓት ቆሞ በመዋሉ ደስ እያለው እንደሆነ አውቃለሁ። ሁለቱን ደስታዎች ማስታረቅ የእኔ ሥራ ነው ብዬ አላምንም።

ባለፈው ዓመት ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ የምትማር አንዲት ልጅ ሰፈራችን ክፍል ተከራየች። አገሯ ሩቅ ነው፤ ጎጃም። የመጽሐፍ መደርደሪያ ፈልጋ ሰው ወደ ቤታችን ጠቆማት። በሩን የከፈተችላት እናቴ ናት፤ እኔ ሳሎን ሆኜ እሰማለሁ።

“እማማ፣ አናጢ ቤት እዚህ ነው ብለውኝ ነው።”

“ሱቁ ታች ነው፣ የሐጂ ነው። እዚህ የአናጢው ቤት ነው።”

“ልጅዎ ናቸው?”

“ባሌ ነው። ድሮ ቢሮ ነበር፤ አሁን አናጢ ነው።” እናቴ እንግዲህ መዋሸት አቁማለች፤ በተለይ ለሰው አገር ልጅ። “ብቻ ልጄ፣ የእሱ ሥራ ቀስ ይላል። ቸኩለሽ ከሆነ ለሐጂ ንገሪያቸው።”

“አይ፣ ግድ የለም፤ አልቸኮልኩም” አለች ልጅቷ።

መቸኮል ነበረባት። አባዬ መደርደሪያውን ሠራ፣ አፈረሰ፣ እንደገና ሠራ። ሲያልቅ ልጅቷ ፈተናዋን ጨርሳ ወደ አገሯ ለመሳፈር ሻንጣዋን እያሰረች ነበር። እናቴ “ነይ፣ እስክትመለሺ ከነመጻሕፍትሽ እኛ ጋ ይቆይሽ” አለቻት። አሁን ሳሎናችን ውስጥ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ የልጅቷ መጻሕፍት ላዩ ላይ ናቸው። አባዬ በየጠዋቱ ወደ ሱቅ ከመውጣቱ በፊት በእጁ ይነቀንቀዋል። እስካሁን ደህና ነው።